ልጅቷ መቼ ነው የምትቆጥረው?

(በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ከኋላ የተደረደረ አለ፣ እየሳባችሁ ተቀመጡ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ አትሳቀቁ፣ ይሩጡ። ስለ ዕረፍት ልናወራ መጥተን ልጆቹን «ዝም በሉ!» ስንል ብንውል ያሳፍራል።

ስጋበዝ የተሰጠኝ ርዕስ «በሆምስኩል ቤተሰብ ውስጥ ትምህርትንና ዕረፍትን ማመጣጠን» የሚል ነበር፤ ሆምስኩል የምንለው ልጆችን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ውስጥ ማስተማርን ነው። ማመጣጠን ሲባል ሚዛን ነው የሚታየኝ፤ በአንዱ በኩል ትምህርት፣ በሌላው በኩል ዕረፍት፣ አንዱ ላይ ስትጨምሪ ከሌላው ትቀንሻለሽ። ሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ነበር የማስበው። እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት። የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ 14፣ መሃለኛው 10፣ ትንሿ 6 ዓመታቸው ነው። ሰዓት ስጠቅስ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬም ጠዋት 8 ሰዓት ማለት አልዋጥልሽ ብሎኛል።

አጀማመራችን ከብዙዎቻችሁ የተለየ አይደለም። ማርች 13 ቀን 2020 የቨርጂኒያ ገዥ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶችን ለሁለት ሳምንት ዘጉ። በ10ኛው ቀን ደግሞ «እስከ ትምህርት ዓመቱ መጨረሻ» አሉ። ልጄ በኮምፒውተር መስኮት ውስጥ 25 ፊቶች እያየች ስትቀመጥ፣ እኔም ከጀርባዋ ቆሜ ስሰማ፣ «ይህንንስ እኔም አያቅተኝም» አልኩ። ትዕቢት ነበር። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በዚያው ዓመት ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሲጠይቅ፣ ተማሪ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ሆምስኩል እናደርጋለን ያሉት 5.4 በመቶ ነበሩ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ 11.1 በመቶ ሆኑ። ጥቁር ቤተሰቦችን ለይታችሁ ስታዩ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው የዘለለው። ከእነዚያ ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ።

ቁጥሩ ግን ስልክ አያነሳልኝም። ከአዲስ አበባ አክስቴ ደወሉ። «ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣችኋቸው አሉ?» አሉኝ። «አስወጣችኋቸው» የምትለዋን ቃል ልብ አድርጉ፤ እረኛ ልናደርጋቸው ያሰብን ነው የሚመስለው። እኛ የመጣንበት አገር ልጅ የሚማረው ዩኒፎርም ለብሶ፣ ደብተር ይዞ፣ በር ወጥቶ ነው። እናትና አባታችን ከአፋቸው ነጥቀው ነው ያስተማሩን። እንግዲህ ያንን ሁሉ አልፌ አሜሪካ መጥቼ፣ ልጄን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ምን ያህል እንደፈራሁ የሚገባችሁ ይገባችኋል።

ፍርሃቱ ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ሰባት ትምህርት፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ በቀለም የተለየ። 4 ሰዓት ላይ የ10 ደቂቃ ዕረፍት። ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ላክሁላቸው። በጣም ደስ አላቸው። ያ ሰሌዳ የልጆቼ አልነበረም፤ የአክስቴ ነበር።

አንድ የፌብሩዋሪ ቀን ትልቋ ልጄ፣ ያኔ 10 ዓመቷ ነው፣ ሒሳብ ላይ ቁጭ ብላለች። ሦስት አራተኛ ሲደመር ሁለት አምስተኛ። አምስት ዘጠነኛ ብላ ጻፈች። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ማለት ነው። አስረዳኋት። አጠፋችና እንደገና አምስት ዘጠነኛ ጻፈች። የጋራ ታች ቁጥር የሚባለውን በቀይ እስክሪብቶ አሳየኋት። አምስት ዘጠነኛ። የዕረፍቱ ታይመር ጮኸ። እጇን ከእርሳሱ ልታነሳ ስትል «ሳትጨርሺ አትነሺም!» አልኳት። ትንሿ ታለቅሳለች፣ መሃለኛው ሶፋው ላይ ይዘላል፣ ባለቤቴ የሌሊት ሺፍት ሠርቶ መኝታ ቤት ተኝቷል፤ እኔ በሹክሹክታ ነው የምቆጣው። በሹክሹክታ የሚቆጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሚጮኸው ይከፋል። ለአራተኛ ጊዜ ስታጠፋ ወረቀቱ በላጲሱ ተቀደደ። ቀና ብላ አየችኝና፣

«እማዬ፣ አሁን እማዬ ነሽ ወይስ ቲቸር?» አለችኝ።

«ቲቸር» አልኳት፤ ጎበዝ መልስ የመለስኩ መስሎኝ።

«እሺ፣ እማዬ ስትመጣ ንገሪኝ» አለች።

ያን ማታ አባቴን ደወልኩላቸው። አባቴ የአስኳላ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት ጎጃም ውስጥ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። አማርሬ አማርሬ ሲበቃኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ነገራውንስ ታስነግሪያታለሽ። ልጅቷ መቼ ነው የምትቆጥረው?»

የቅኔ ቤት ለማታውቁት ላስረዳ፤ እዚህ ብዙ ወጣት ወላጅ አለ። መምህሩ መንገዱን ያሳያሉ፣ የሌላውን ሊቅ ቅኔ ይፈታሉ፣ ተማሪው ይሰማል። ከዚያ ግን አብሮ ተቀምጦ አይውልም። ይወጣል። ወደ ዛፍ ሥር፣ ወደ ገደል አፋፍ፣ ወደ መቃብር ቤት ጥላ ይሄዳል፤ ቆዳውን ወይ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ይጋደማል። ላየው ሰው የተኛ ነው የሚመስለው። ቅኔ ቆጠራ ማለት ይህ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ነው የሚቆጥረው፣ ለእሷም ቀኑን ሙሉ ይጨርሳል። ማታ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይህ ነገራ ነው። መምህሩ ያርማሉ። በማግስቱ ደግሞ ያው ነው። ቅኔ የወንድ ብቻ ነው እንዳትሉኝ፤ ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ የቅኔ መምህርት ነበሩ። አባቴ «ከመምህሩ ፊት የምንቆመው ትንሽ ነበር፤ ትምህርቱ የሚገባን ብቻችንን ስንሆን ነበር» አሉኝ።

እኔ ቤት ነገራ ብቻ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ነገራ። ቆጠራ አልነበረም።

በማግስቱ ክፍልፋዩን አልነካነውም፤ በጥበብ ሳይሆን በሽንፈት። በሦስተኛው ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ፣ መስኮቱን እያየች፣ ማንም ሳይጠይቃት እንዲህ አለች፤ «አምስት ዘጠነኛ ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ሦስት አራተኛ ግን ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ደምሬ እንዴት ያንሳል?» መልሱን አላገኘችውም። ሃያ ሦስት ሃያኛ አላለችም። ግን አምስት ዘጠነኛ ልክ ሊሆን እንደማይችል ራሷ ደረሰችበት። አራት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ያልገባ ነገር፣ ሦስት ቀን ምንም ሳይደረግ ገባ። «ምንም ሳይደረግ» ማለቴ እኔ ምንም ሳላደርግ ነው። እሷማ ትቆጥር ነበር።

ይህ የአባቴ የቅኔ ቤት ወግ ብቻ አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ፣ በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ በራሱ ላይ ብዙ ዓመት የሞከረውን ጽፏል። ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየደረደረ ይሸመድዳል፣ ከዚያ ስንቱን እንደረሳ ይለካል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የሚከተለው ነው፤ በሦስት ቀን የተከፋፈለ 38 ድግግሞሽ፣ በአንድ ቀን የታጨቀ 68 ድግግሞሽ የሚሠራውን ሥራ ሠራ። ድካሙ በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ያንን የሠራው በመሃል ያለው ክፍተት ነው። ከእሱ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም በዚህ ነጥብ ደጋግመው የሚመሰክሩለት ናቸው። የኔታ ዘንድ የተማራችሁ ደግሞ ኤቢንግሃውስ አያስፈልጋችሁም፤ የትናንቱን ሳይከልሱ የዛሬውን ማን ያስጀምራችሁ ነበር?

እዚህ ላይ ንግግሬን ብጨርስ ጥሩ ነበር። «ዕረፍት ስጧቸው» ብዬ ብቀመጥ ሁላችሁም ታጨበጭባላችሁ። ችግሩ እኔ ከዚያ በኋላ ዕረፍት መስጠት ጀመርኩና ቤቱ ባሰበት።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰሌዳውን ከፍሪጁ ላይ ቀደድኩ። በየ30 ደቂቃው 15 ደቂቃ ዕረፍት አልኩ። ልጆቹ ወዴት ሄዱ? ወደ አይፓድ። 15 ደቂቃው ሲያልቅ «ቆይ ይህችን ብቻ»፤ ያቺ ስታልቅ ሌላዋ ራሷ ትጀምራለች። ስነጥቅ ለቅሶ፣ ከለቅሶ በኋላ ኩርፊያ፣ ከኩርፊያ በኋላ ማን ያነባል? ጠዋት ላይ የትምህርት ጦርነት ነበረን፤ አሁን የዕረፍት ማብቂያ ጦርነት በቀን አምስት ጊዜ ሆነ። አንድ ቀን ባለቤቴ በእንቅልፍ ዓይኑ ወጥቶ «ትምህርቱ ይሻል ነበር» ብሎኝ ተመልሶ ተኛ።

የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዕረፍት ሁለት ዓይነት ነው፤ ራሱ የሚያልቅ አለ፣ ሰው ካልቆረጠው የማያልቅ አለ። ደቂቃ ስቆጥር የከረምኩት በከንቱ ነው። አንድ ልጅ 40 ደቂቃ ውጭ ሮጦ፣ ራሱ ደክሞት፣ ውሃ ጠምቶት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ይላል። ያው ልጅ 10 ደቂቃ ስክሪን አይቶ በጉልበት ሲነሳ አይሰበሰብም። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ጉዳይ ደወሉ ይፈታዋል፤ ደወል የማንም ጠላት አይደለም፣ ደወል ላይ የሚያለቅስ የለም። ቤት ውስጥ ግን ደወሉ የእናትየው አፍ ነው። ቆራጯ እሷ፣ አስጀማሪዋ እሷ፣ ተጠያቂዋ እሷ። ለዚህ ነው ማታ ላይ ድምፃችን የሚዘጋው።

እናም ደወል ፈለግሁ። ያገኘሁት ቡና ነው።

ትስቃላችሁ፣ ሳቁ። 4 ሰዓት ላይ ቡናዬን አጥቤ ብረት ምጣዱ ላይ ሳደርግ ልጆቹ ይወጣሉ። መጽሐፍ ይዘጋል፣ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይም ቢሆን። ያለንበት አፓርትመንት ከኋላ ሣር ያለው ግቢ አለው፣ ከመስኮቴ ይታየኛል። አቦል ሲቀዳ ይገባሉ፤ ቆሎ ወይ ዳቦ አለ። መቼ እንደሚደርስ በሽታው ያውቁታል፣ «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል!» ብዬ አልጮህም። ቡናው ጠቆር ብሎ የተቆላ ዕለት ደግሞ የጭስ አላርሙ ራሱ ይጮሃል፤ ያኔ ከሦስተኛው ሕንፃ እንኳ ይሰማል። የጎረቤቴ ልጅ «የእናንተ ሪሰስ ሲያልቅ እኛም እንሰማለን» ብሏቸዋል፤ ሪሰስ የሚሉት የትምህርት ቤቱን የጨዋታ ዕረፍት ነው። ቶናው ላይ መሃለኛው ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ ትልቋ የጠዋቱን ትነግረኛለች፤ ነገራ በሉት። በረካው የእኔ ነው።

ቡና የማይጠጣ ቤት ምን ያድርግ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ቡናው አይደለም፣ ጫፍ ያለው ነገር መፈለግ ነው። ፖስታ ሳጥን ድረስ ሄዶ መመለስ ጫፍ አለው። ገመድ ዝላይ እስኪሳሳቱ ነው። ሰኞ ማክሰኞ የመሰለ ዕረፍት የለም፤ መሬት ላይ በጠመኔ ይሰመራል፣ እሁድ ስትደርስ ጨዋታው አለቀ። እሱን ያስተማርኳቸው ለባህል ብዬ አይደለም፣ ስለሚያልቅልኝ ነው። ስክሪን አልከለከልኩም፣ ከትምህርት ቀኑ በኋላ አሻገርኩት፤ ከበስተኋላው ተመልሰን የምንገባበት ነገር ስለሌለ ማንም አይጣላም።

ዕረፍትን መቅጫ ማድረግ የሚባለውን ነገር ደግሞ ተውኩ። «አልጨረስሽም፣ አትወጪም» ማለት። እኛ ሁላችን ያደግንበት ነው፤ ያልሠራ ይንበረከካል፣ ሌላው ይጫወታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ባወጣው መግለጫ ሪሰስ በቅጣትም ሆነ በትምህርት ምክንያት ከልጅ ሊነጠቅ አይገባም ብሏል። ፊንላንድ ውስጥ የተለመደው አሠራር 45 ደቂቃ ተምሮ 15 ደቂቃ መውጣት ነው፣ ማንም አይነጥቀውም። ከእኔ ቤት ልምድ ስናገር፣ ዕረፍት የተነጠቀ ልጅ ቀጣዩን ሰዓት የሚያሳልፈው ስለ ዕረፍቱ በማሰብ ነው። ትርፍ የለውም።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ፣ ይህ በተለይ የእኛ የትጉህ እናቶች በሽታ ነው። ልጆቹን ወደ ውጭ እናወጣለን፤ ከዚያ ተከትለን እንወጣለን። «ያቺ ወፍ ምን ትባላለች? በአማርኛስ? ስንት ናቸው? ሁለቱ ቢበሩ ስንት ይቀራሉ?» በቃ፣ ዕረፍቱን ትምህርት አደረግነው። «ሕይወት ሁሉ ትምህርት ነው» የሚሉ የሆምስኩል ወገኖች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ግን እኔ ቤት አልሠራም። ወጥ ስንሠራ የሽንኩርት ክፍልፋይ፣ መኪና ውስጥ የታርጋ ቁጥር ድምር፤ ልጁ ከቲቸሯ የሚሸሽበት ጥግ አጣ። ወፏ ዝም ብላ ወፍ ትሁን።

የቀን ዕረፍቱን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ዓመቱ ልለፍ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ የምንጠቀመው ነገር አለና። ትልልቆቹ ልጆቻችሁ መደበኛ ትምህርት ቤት የነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ የክረምቱ ዕረፍት ለፈረንጅ ገና ይሆንና ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ያልቃል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ልጅ በዋዜማው ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ነጠላውን አውልቆ በማግስቱ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ወይ «ታሞ ነው» ብለን እንዋሻለን። ለበዓል ብዬ የዋሸሁት ውሸት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አሁን ዕረፍቱን ገፋ አድርገን ከገና ዋዜማ እስከ ጥምቀት፣ ጃንዋሪ 19፣ እናደርገዋለን። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርፍ እኛ እንማራለን፤ ልጆቹ አንድ ዓመት አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለመዱት።

ጳጉሜን ደግሞ አለችልን። ከሴፕቴምበር 6 ጀምሮ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6። እዚህ አካባቢ ትምህርት ቤት ኦገስት ላይ ከፍቷል፣ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። እኛ በጳጉሜን አንማርም፣ አናቅድም፣ ያለፈውን ዓመት ደብተር አንከፍትም። ከዓመት የተረፈች ናት። ቀሪውን ዓመት ስድስት ስድስት ሳምንት ተምረን አንድ አንድ ሳምንት እናርፋለን፤ በስድስተኛው ሳምንት ማንም ሳይነግረኝ ከድምፄ ይታወቀኛል።

«እንዲህ እንደ ፈለጋችሁ ማድረግ ይፈቀዳል?» ብላ ከበሩ ላይ የጠየቀችኝ እህት አለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ስለ ሆምስኩል የሚናገረው የሕግ አንቀጽ ራሱ የቀንና የሰዓት ቁጥር አያስቀምጥም። መደበኛው ትምህርት ቤት 180 ቀን ወይም 990 ሰዓት አለበት። ያለብን በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለትምህርት ዲስትሪክቱ ማስታወቂያውንና የምናስተምረውን የትምህርት ዝርዝር መስጠት ነው፤ ነሐሴ 9 ነው፣ ፍልሰታ መሃል፣ እኔ በእሷ ነው የማስታውሰው። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ፤ ወይ ፈተና ነው፣ ወይ ግምገማ። የፈተናው ውጤት ስታናይን ከሚባሉት ዘጠኝ የውጤት ደረጃዎች አራተኛውና ከዚያ በላይ ከሆነ በቂ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው፤ ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ታስታውቃላችሁ፣ ትምህርቱ የዘወትርና የተሟላ መሆኑን የሚያሳይ ፎልደር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፣ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ አይጠሯችሁም። ለእናንተ ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ የሠራችሁበት ቀን ቀኑን ጻፉበት። ስድስት ሳምንት ሠርቶ አንድ ሳምንት ያረፈ ሰው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ካለው ማንንም አይፈራም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጥፋቴ። ዕረፍት ጥሩ ነው ስል፣ በ2022 በጋ ሦስት ወር ሙሉ ለቀቅኳቸው። ደስ አለን፤ ሐይቅ ሄድን፣ አያታቸው መጡ። ሴፕቴምበር ላይ መሃለኛው፣ 7 ዓመቱ፣ ፊደል ገበታ ፊት ቆመ። ጁን ላይ ቃላት ያነብ የነበረ ልጅ ጠ እና ጸ ጠፉት፤ ኀ ስለው «ይሄ አዲስ ነው?» አለኝ። እንግሊዝኛው ከየመንገዱ ሰሌዳ፣ ከየካርቶኑ ላይ ይጠብቀዋል፣ አይጠፋም። አማርኛው ግን በሰፈሩ የሚጠብቀው ሰሌዳ የለውም፣ ከእኔ በቀር። የጠፋውን ለመመለስ እስከ ጥምቀት ፈጀብን። የኤቢንግሃውስ ክፍተት የሚሠራው ልጁ ነገሩን ጨርሶ ሳይረሳ ተመልሶ ሲይዘው ነው፤ ሦስት ወር ክፍተት አይደለም፣ ገደል ነው። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ሳምንትም ቢሆን፣ ከጳጉሜን በቀር፣ ቁርስ ሳይቀርብ አንድ ገጽ አማርኛ እናነባለን። አንድ ገጽ ብቻ፣ ቆመንም ቢሆን። ልጆቹ ትምህርት ብለው አይጠሩትም፣ «የቁርስ ገጽ» ነው የሚሉት።

ስለ ክረምትም አንድ ነገር። እዚህ በዲሴምበር 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። «ትምህርታቸውን ይጨርሱና ይወጣሉ» ስንል ፀሐይ ሄዳለች። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ መውጫችንን ከምሳ በፊት አደረግነው፣ በረዶም ቢሆን። ከምሳ በኋላ ሒሳብ። በዚህ ብቻ የክረምት ጠባችን ቀለለ።

የጎረምሳ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ትልቋ 13 ስትሞላ ጠዋት መነሳት አቃታት። እኔ ስንፍና ነው ብዬ ነበር፤ እኛ በሷ ዕድሜ ውሃ ቀድተን፣ ቤት ጠርገን ነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው፤ ይህን ንግግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚሞላ እንቅልፍ ያስፈልጋል ይላሉ፤ ያ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2014 ለጎረምሶች ትምህርት ከጠዋቱ 2:30 በፊት ባይጀመር ይሻላል ብሏል። የሆምስኩል ትልቁ ሀብት አውቶቡስ የሌለበት ጠዋት መሆኑን ረስቼ ነበር። አሁን 3:30 ላይ ትጀምራለች። ታናናሾቿ ቀድመው ጀምረው ቀድመው ይጨርሳሉ፤ እኔም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ልጅ በአንዴ አልይዝም። የትንሿ ጠቅላላ የጠረጴዛ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። አክስቴ ይህን አልነገርኳቸውም።

በጽሑፍ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «አንቺስ መቼ ታርፊያለሽ?» ይላሉ። መልሱን አልፌ ልሂድ ብዬ ነበር፣ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነውር ይሆናል።

በረካው ላይ አርፋለሁ ብያችኋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሳምንቱ ሁለት ቀን ቢሳካልኝ ነው። ባለቤቴ ሐሙስ ሺፍት ስለሌለው ከሰዓት ልጆቹን ይረከበኛል። መጀመሪያ ላይ በዚያ ሰዓት ገበያ እሄድ ነበር፣ ልብስ አጥብ ነበር፣ የትንሿን የንባብ መጽሐፍ እመርጥ ነበር። ዕረፍት እንዴት እንደሚደረግ ረስቼው ነበር። አሁን ቁልፉን ይዤ እወጣና ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሬዲዮ የለ፣ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ። የትም አልሄድም። ከቤታችን መስኮት እታያለሁ፤ አንድ ቀን ሦስቱም ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ሲያዩኝ ያዝኳቸው።

ባለፈው ሐሙስ ጫማዬን ሳደርግ ትንሿ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ዛሬም መኪና ውስጥ ልትቀመጪ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

እኔ መልስ ሳላገኝ ትልቋ እህቷ ከጠረጴዛው ሳትነሳ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ተያት፣ እየቆጠረች ነው» አለቻት።